ሦስት ሳምንት የተባለው ሃያ ስድስት ዓመት፦ የአንዲት የዌልስ መንደር ኮረብታዎችና የቼርኖቤል ዝናብ

እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1986 የብሪታንያ መንግሥት በሰሜን ዌልስ ኮረብታዎችና በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ የሚሰማሩ በጎች ከቦታ ቦታ እንዳይዘዋወሩና ለእርድ እንዳይቀርቡ የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ የሚቆየው ለሦስት ሳምንታት ያህል ብቻ እንደሆነ ተነገረ። የመጨረሻዎቹ የሰሜን ዌልስ አርቢዎች ከእገዳው ነፃ የወጡት ግን እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2012 ነው። በ1986 በተራራው ላይ የተወለደ የአርቢ ልጅ የቤተሰቡ በጎች ያለ ጨረር ምርመራ ገበያ ሲወጡ ለማየት ሃያ ስድስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት እንዴት ሃያ ስድስት ዓመት ሊሆን ቻለ? ትንበያውን የሰጡት ባለሙያዎች በፊዚክስ ሕግ ላይ አልተሳሳቱም፤ የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን ግማሽ ዕድሜ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በበቂ ሁኔታ ያላጤኑት የዚያን ቦታ አፈር ነው። በዚህ ጽሑፍ ትራውስቨኒዝ የተባለችውን የሰሜን ዌልስ መንደርና ዙሪያዋን እንደ ማሳያ በመውሰድ፣ የአንድ አካባቢ ዓለት፣ ዝናብ፣ አፈር፣ ተክልና የከብት አረባብ ልማድ ተያይዘው ያንን ረጅም ጊዜ እንዴት እንደፈጠሩት ለማየት እንሞክራለን።

ከተራራው ማዶ ያለች መንደር

በዌልስ ቋንቋ «ትራውስ» ማለት ማዶ ወይም ባሻገር፣ «መኒዝ» ማለት ደግሞ ተራራ ነው። ሁለቱ ቃላት ሲጣመሩ የሁለተኛው ቃል የመጀመሪያ ድምፅ ይለወጥና «ትራውስቨኒዝ» ይሆናል፤ «ከተራራው ማዶ» እንደማለት ነው። መንደሯ ስኖዶንያ በሚባለው፣ በአገሬው ቋንቋ ኤረሪ ተብሎ በሚጠራው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ የዌልስን ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በጁላይ 31 ቀን 1917 ጦር ሜዳ ላይ የወደቀውና ከሞተ በኋላ በዌልስ ታላቁ የቅኔ ጉባኤ አሸናፊ የተባለው ገጣሚ ሄዝ ዊን የዚህች መንደር ልጅ ነው። የተሸለመው ወንበር በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ እንደነበር ይታወቃል። እኛ ግን ስለ እርሱ የምናነሣው በሌላ ምክንያት ነው። ሄዝ ዊን በሙያው በግ ጠባቂ ነበር፤ በመንደሯ ዙሪያ ያለው መሬት ለእርሱም ሆነ ከእርሱ በፊትና በኋላ ለኖሩት ከበግ በቀር ብዙም የሚሰጠው ነገር የለምና።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ዓለቱ መውረድ ያስፈልጋል። ከመንደሯ በስተምዕራብ የሪኖግ ተራሮች ይታያሉ። እነዚህ ተራሮች ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ወለል ላይ በተከማቸ አሸዋና ጭቃ የተሠሩ በጣም ጠንካራ ዓለቶች ናቸው። ተማሪዎች በሥነ ሕይወትና በሥነ ምድር መጻሕፍት የሚያገኙት «ካምብሪያን» የተባለው የጂኦሎጂ ዘመን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ምድር ነው፤ ካምብሪያ የዌልስ የላቲን ስም ሲሆን ዘመኑን በ1835 እንዲህ ብሎ የሰየመው እንግሊዛዊው ሊቅ አዳም ሴጅዊክ ነበር። ዓለቱ ጠንካራና በኳርትዝ የበለጸገ በመሆኑ ሲፈረካከስ የሚሰጠው አፈር ስስና አሲዳማ ነው፤ ፖታሲየምና ካልሲየምን የመሳሰሉ ለተክል የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮችም ያንሱታል።

በዚህ ላይ ዝናቡን እንጨምርበት። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ በመጀመሪያ ከሚገጥሙት ከፍታዎች አንዱ ይህ ስለሆነ አየሩ ሽቅብ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያዘለውንም ውሃ ያራግፋል። በኤረሪ ከፍተኛ ቦታዎች ዓመታዊው ዝናብ ከ3000 ሚሊሜትር ይበልጣል። የአዲስ አበባ 1200 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑን ለሚያስታውስ አንባቢ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ዝናቡ የአፈሩን ንጥረ ነገሮች አጥቦ ይወስዳል። ሜዳማ በሆኑት ከፍታዎች ላይ ደግሞ ውሃው መውረጃ ያጣና ይተኛል። ውሃ በተኛበት መሬት ኦክስጅን ስለማይገባ የሞቱ ተክሎች ሙሉ በሙሉ አይበሰብሱም፤ በየዓመቱ እየተደራረቡ በሺዎች ዓመታት ውስጥ ጥቁር፣ ሲረግጡት የሚያሰጥም ለስላሳ አፈር ይሆናሉ። ይህ አፈር ፒት ይባላል። ከትራውስቨኒዝ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የሚግናይንት ከፍታ በዌልስ ካሉት ሰፋፊ የፒት ረግረጎች አንዱ ነው። በላዩ የሚበቅለው ስፋግነም የተባለው ውሃ መጣጭ ተክል፣ ሻካራ ሣርና ሄዘር የተባለ ቁጥቋጦ ነው። ሄዘር በእኛ አገር ከፍተኛ ተራሮች ላይ የምናውቀው የአስታ የቅርብ ዘመድ ነው።

ስስ፣ አሲዳማ፣ ፖታሲየም ያነሰው፣ ሸክላ የሌለው ወይም ያነሰው፣ በበሰበሰ ተክል የተሞላ አፈር። አንባቢው ይህን በአእምሮው ይያዝልን።

ሁለቱ ዝናባማ ቀናት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜዋ ሶቪየት ኅብረት በዩክሬን የሚገኘው የቼርኖቤል ኑክሌር ኃይል ማመንጫ አራተኛው ሪአክተር ፈነዳ። እሳቱ ለቀናት ሲነድ ከነዳጁ የወጡት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ወደ ላይ ተነሥተው ከነፋሱ ጋር ተጓዙ። ከሶቪየት ኅብረት ውጭ አደጋው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፎርስማርክ በተባለው የስዊድን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የጨረር መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ሲጮኹ ነበር። ከዚያ ነፋሱ አቅጣጫውን ለወጠና የደመናው አንድ ክፍል ከሜይ 2 ቀን ጀምሮ በብሪታንያ ላይ አለፈ።

ከቼርኖቤል እስከ ትራውስቨኒዝ ያለው ርቀት 2300 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል የተጓዘ ደመና እጅግ ይሳሳል። ደረቅ በነበሩት የደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ሜዳዎች ላይ ያለፈው ደመና የጣለው ነገር ትንሽ ነበር። በሜይ 2 እና 3 ግን በሰሜን ዌልስ፣ በሐይቆች አውራጃና በስኮትላንድ ከፍታዎች ላይ ከባድ ዝናብ ዘነበ። የዝናብ ጠብታ በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ጠርጎ የማውረድ ችሎታው በነፋስ ብቻ ከሚወርደው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በመሆኑም ከቼርኖቤል የሚቀርቡ ቦታዎች ሲድኑ፣ በጣም የሚርቁት ተራሮች ዝናብ ስለያዛቸው ብቻ ተበከሉ። ተራራውን በግ ብቻ የሚኖርበት ያደረገው ያው የአትላንቲክ ዝናብ ቼርኖቤልንም አወረደበት።

ከወረዱት ንጥረ ነገሮች ሦስቱን እናንሣ። አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከነጭራሹ ይጠፋል። ሲዚየም 134 ግማሽ ዕድሜው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሲዚየም 137 ደግሞ 30 ዓመት ገደማ ነው። የታሪካችን ዋና ባለጉዳይ ይህ የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ራሳቸው ሊያሰሉት የሚችሉት አንድ ጥያቄ አለ። ከ1986 እስከ 2012 ባሉት 26 ዓመታት ከሲዚየም 137 ምን ያህሉ ጠፋ? የቀረውን ለማግኘት አንድ ሁለተኛን 26 ሲካፈል ለ30 በሚሆን ንሴት (ኃይል) ከፍ እናደርጋለን፤ መልሱ 0.55 ነው። ይኸውም በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በራሱ ተፈጥሮ የጠፋው 45 በመቶው ብቻ ነው። እንግዲያው ከፊዚክስ ብቻ ተነሥተን ብንሄድ «ሦስት ሳምንት» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጨርሶ ሊገባን አይችልም። ቁጥሩ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ሲዚየሙ ባይጠፋም አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ ከሣሩም ይለያል ከሚል ግምት።

ሸክላው የሚይዘው፣ ፒቱ የሚለቀው

ይህ ግምት ባዶ አልነበረም። በብዙ ቦታ በትክክል የሚሠራ ነው። ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ማየት ይጠቅማል። ሲዚየም ከፖታሲየም ጋር በአንድ ቋሚ ረድፍ፣ በአንደኛው ምድብ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም አንድ ኤሌክትሮን ጥለው አንድ አዎንታዊ ሙል ያላቸው አዮኖች ይሆናሉ። የተክል ሥር ፖታሲየምን ሲፈልግ ሲዚየምንም በዚያው በር ያስገባዋል፤ የእንስሳ አካልም እንዲሁ። ፖታሲየም የሚገባው በሕዋስ ውስጥ፣ በተለይም በጡንቻ ስለሆነ ሲዚየሙም መጨረሻው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ማለት ደግሞ በገበያ ቋንቋ ሥጋ ነው።

በሸክላ አፈር ግን ሲዚየሙ ከሥሩ በፊት ሌላ ያዥ ያገኘዋል። ኢላይት የተባለው የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጾች የተነባበሩ ስስ ሽፋኖች አሉት። የገጾቹ ጠርዝ በአየርና በውሃ ተጎድቶ ጥቂት ይከፈታል። የሲዚየም አዮን በዙሪያው የያዘውን የውሃ ካባ በቀላሉ ስለሚጥል በተከፈተው ጠርዝ ሾልኮ ይገባል፤ ገጾቹም በላዩ ላይ ይዘጉበታል። ከዚያ በኋላ ሥር ሊደርስበት አይችልም ማለት ይቻላል። በቆላማና ሸክላ በበዛበት መሬት ላይ የወደቀ ሲዚየም በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሣሩ የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ሳምንት የሚለው ትንበያም የተመሠረተው በእንዲህ ዓይነት አፈር ላይ በተገኘ ዕውቀት ነበር።

በትራውስቨኒዝ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ግን መጽሐፉ የለም። ፒት በአብዛኛው ከተክል ቅሪት የተሠራ ስለሆነ የሸክላ ማዕድኑ እጅግ ጥቂት ነው። በተክል ቅሪቱ ውስጥ ያሉት አሲዶች አሉታዊ ሙል ስላላቸው ሲዚየሙን ይይዙታል፤ አያያዛቸው ግን ላላ ያለ ነው። ሌላ አዎንታዊ አዮን፣ ለምሳሌ በእንዲህ ያለ አፈር የሚበዛው አሞኒየም፣ ሲመጣ ቦታውን ይለቃል። የተለቀቀውን ሲዚየም ደግሞ ፖታሲየም የተራበ ሥር ይጠብቀዋል። በፖታሲየም የበለጸገ አፈር ላይ ያለ ተክል ሲዚየምን የሚወስደው በጥቂቱ ነው፤ የተራበ ተክል ግን አይመርጥም። ከሥሮች ጋር አብረው የሚኖሩ ፈንገሶችም ሲዚየሙን በላይኛው የአፈር ክፍል ይዘው ያቆዩታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዑደት ነው። ሣሩና ሄዘሩ ሲዚየሙን ይስባሉ፤ በጉ ሣሩን ይበላል፤ በበጠጡና በሽንቱ መልሶ እዚያው ተራራ ላይ ይጥለዋል፤ ያልተበላውም ተክል ሞቶ እዚያው ይወድቃል፤ ሥሩ እንደገና ያነሣዋል። ከዚህ ዑደት የሚወጣው ወይ በወንዝ ታጥቦ የሚሄደው ጥቂት ነው፣ ወይ በበግ ሥጋ ሆኖ ወደ ገበያ የሚወርደው። ሳይንቲስቶች ይህን ለመግለጽ «ሥነ ምህዳራዊ ግማሽ ዕድሜ» የሚል መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ይኸውም በአንድ አካባቢ ተክል ወይም እንስሳ ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። በሸክላ መሬት ይህ ጊዜ አጭር ነው። በተራራው ፒት ላይ ወደ ፊዚካዊው ግማሽ ዕድሜ ሊጠጋ ይችላል። ያው አንድ ሲዚየም፣ ያው አንድ ዝናብ፤ ሁለት አፈር፣ ሁለት ታሪክ።

በግ የሚያውቀው ተራራ

አንባቢ «ታዲያ በጎቹን ከተራራው ለምን አያወርዷቸውም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከፊል መልሱም እዚያው ውስጥ አለ። አንድ በግ ከተበከለ ግጦሽ ወጥቶ ንጹሕ ሣር ቢበላ በጡንቻው ውስጥ ያለው ሲዚየም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል፤ አካሉ ፖታሲየምን በየጊዜው እንደሚያስወጣ ሁሉ ሲዚየሙንም ያስወጣዋልና። በዌልስ ያለው የመሬት አያያዝም ለዚህ የተመቸ ይመስላል። በሸለቆው ዝቅታ የታጠረና የለማ መስክ አለ። ከእርሱ በላይ በድንጋይ ካብ የተከለለ ዳገታማ ግጦሽ አለ፤ ይህም በአገሬው ቋንቋ «ፍሪዝ» ይባላል። ከካቡ በላይ ያለው ክፍት ተራራ ነው። በጎች በዓመቱ ውስጥ በነዚህ ሦስት ደረጃዎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ይሁን እንጂ የሸለቆው መስክ ጠባብ ነው። ለክረምት የሚሆነው ድርቆሽ የሚታጨደውም ከእርሱ ነው። መንጋውን በሙሉ በጋውን እዚያ ማቆየት የክረምቱን ቀለብ በበጋ ማስበላት ይሆናል። ከዚህም ሌላ «ከኔቪን» የሚባል ነገር አለ። ቃሉ አንድ ፍጡር የሚያውቀውንና የእኔ የሚለውን ቦታ ያመለክታል። አጥር በሌለው ሰፊ ተራራ ላይ እያንዳንዱ መንጋ የራሱን ክልል ጠብቆ የሚሰማራው ግልገሎች ከእናቶቻቸው ጋር በመጀመሪያው በጋቸው ክልሉን ስለሚማሩት ነው። ይህ ትምህርት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በበጎቹ መካከል ነው፤ ሰው ሊያስተምራቸው ቢፈልግ የብዙ ዓመት ልፋት ይጠይቀዋል። መንጋው ለጥቂት ዓመታት ከተራራው ቢርቅ ዕውቀቱ ይቋረጣል። አርቢ መሬቱን ሲሸጥ እናት በጎቹን አብሮ የመሸጥ ልማድ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በግ ማለት እዚያ የመሬቱ አካል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌሎችም መፍትሔዎች ታስበዋል። ፖታሲየም ማዳበሪያ መርጨት በሜዳ ላይ ውጤታማ ነው፤ በሰፊ ዳገትና ረግረግ ላይ ግን አይሞከርም፣ ቢሞከርም ያንን የተራቆተ አፈር የለመደውን ተክል ይጎዳል። በኖርዌይ «የፕሩሲያ ሰማያዊ» የተባለውን ኬሚካላዊ ውሕድ ለበጎችና ለአጋዘኖች ከጨው ጋር በማላስ ወይም በክኒን መልክ በመስጠት ሲዚየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ማድረግ ተችሏል። በዌልስ በዋናነት የተያዘው መንገድ ግን መርምሮ መልቀቅ ነበር። አርቢው በጎቹን ሊያወርድ ወይም ሊሸጥ ሲፈልግ መርማሪዎችን ይጠራል፤ እነርሱም የጋማ ጨረር መለኪያ መሣሪያውን በቁሙ ባለው በግ ዳሌ ላይ አስደግፈው ያነባሉ። ሕጋዊው ገደብ በአንድ ኪሎግራም ሥጋ 1000 ቤኬሬል ነበር። አንድ ቤኬሬል በሰከንድ አንድ የአቶም ኒውክሊየስ መፍረሱን ያመለክታል።

እዚህ ላይ የመለካትን ጠባይ የሚያሳይ አንድ ቁጥር እንጨምር። በሕይወት ባለ በግ ላይ በጥቂት ሰከንዶች የሚደረግ ልኬት ስህተት አለው፤ መሣሪያው 900 ሲያነብ እውነተኛው መጠን ከ1000 በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በተግባር በጉ የሚወድቀው 645 ቤኬሬል ላይ ሲደርስ ነበር። የወደቀው በግ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፣ ለእርድም አይቀርብም። ለተመረመረ በግ ለአርቢው የሚከፈለው ካሣ 1 ፓውንድ ከ30 ፔንስ ሲሆን ዓመታት ሲያልፉ ይህ ቁጥር ከኑሮው ውድነት ጋር አላደገም። ቀለም የተቀባ በግ በገበያ የሚያወጣውን ዋጋ ደግሞ ማንም አርቢ ያውቀዋል።

የማን ሲዚየም?

ትራውስቨኒዝን ከሌሎቹ የእገዳው መንደሮች ለየት የሚያደርጋት ነገር አለ። በ1920ዎቹ ለውሃ ኃይል ማመንጫ ሲባል ከመንደሯ አጠገብ ያለው ሸለቆ ተገድቦ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆነ፤ እርሻዎችና ቤቶችም በውሃ ተውጠዋል። በዚያው ሐይቅ ዳርቻ ከ1965 ጀምሮ ባለ ሁለት ሪአክተር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ የሐይቁ ውሃ ለማቀዝቀዣ ያገለግለው ነበር። በብሪታንያ ከባሕር ዳርቻ ርቆ የተሠራ ብቸኛው የንግድ ኑክሌር ጣቢያ ይህ ነው። ኃይል ማመንጨቱን ያቆመው በ1991 ሲሆን የማፍረሱ ሥራ ዛሬም አልተጠናቀቀም። ለመንደሯ ወጣቶች ሥራ የሰጠ፣ ከሕንጻው የሚወጣው ፍሳሽ ጥቂት ሲዚየም ወደ ሐይቁ ያስገባ ጣቢያ ነበር።

እንግዲህ በ1986 በጎቻችሁ ተበክለዋል ሲባል፣ 2300 ኪሎሜትር ወደሚርቀው ቼርኖቤል ከመመልከት በፊት ማዶ ወደሚታየው ሕንጻ የሚመለከት ሰው ቢኖር የሚወቀስ አይደለም። ለጥያቄው ሳይንስ ጥሩ መልስ ነበረው። ሲዚየም 134 በኑክሌር ቦምብ ፍንዳታ ውስጥ በሚታይ መጠን አይፈጠርም፤ የሚፈጠረው በሪአክተር ውስጥ ነዳጁ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው። ከቼርኖቤል በወጣው ደመና ውስጥ የሲዚየም 134 መጠን የሲዚየም 137 ግማሽ ያህል ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከተደረጉት የቦምብ ሙከራዎች በዝናብ የወረደው አሮጌ ሲዚየም ግን 134 የለውም። ስለዚህ የሁለቱ አይሶቶፖች ውድር እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። በውድሩ መሠረት በ1986 በድንገት የጨመረው ከቼርኖቤል መሆኑ ታወቀ፤ ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳይለካው የኖረ የቦምብ ዘመን ሲዚየም በተራሮቹ ላይ እንደነበረ ታየ። ያንንም ያወረደው ዝናቡ ነው። አሻራው ግን ቶሎ ይደበዝዛል፤ ሲዚየም 134 በየሁለት ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ በ2012 ከመጀመሪያው መጠን የቀረው ከአምስት ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

መልሱ ጥሩ መሆኑ ብቻ እምነትን አያስገኝም። በሐይቆች አውራጃ፣ እዚያም ሌላ የኑክሌር ተቋም በቅርብ በነበረበት፣ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዊን በአርቢዎችና በባለሙያዎች መካከል የነበረውን ግንኙነት አጥንቷል። ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ በአእምሯችን ቀርቷል። ባለሙያዎች ሸክላ መሬት ላይ ቢበተን ሲዚየሙን ይይዝ እንደሆነ ለመፈተን ኮረብታውን ከፋፍለው አጥረው በጎች አስገቡ። አርቢዎቹ ክፍት ተራራ የለመደ በግ በጠባብ አጥር ውስጥ ሲከስ ውጤቱ ምንም እንደማይናገር አስቀድመው ተናገሩ፤ ሰሚ አላገኙም። ሙከራው በኋላ የተተወው እነርሱ በተናገሩት ምክንያት ነበር። ከኔቪን የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ይህን ለመተንበይ መሣሪያ አያስፈልገውም ነበር።

አደጋው ምን ያህል ነበር?

አንባቢን ያለ አግባብ ማስፈራት አንፈልግምና ስሌቱን እናስቀምጥ። አንድ ሰው ሲዚየም 137 ሲበላ ለእያንዳንዱ ቤኬሬል የሚያገኘው የጨረር መጠን በሲቨርት 1.3 ሲባዛ በ10 ንሴት አሉታዊ 8 ነው። ልክ ገደቡ ላይ ያለ፣ 1000 ቤኬሬል የያዘ አንድ ኪሎ ሥጋ የሚሰጠው 0.013 ሚሊሲቨርት ይሆናል። በብሪታንያ አንድ ሰው ከዓለት፣ ከአየር፣ ከሕክምናና ከሌላው ሁሉ በዓመት በአማካይ የሚያገኘው 2.7 ሚሊሲቨርት ነው፤ ኪሎው ሥጋ የዚህ ሁለት መቶኛ ገደማ ነው። በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥም ከተፈጥሮ ፖታሲየም የሚመጣ አራት ሺህ ያህል ቤኬሬል አለ። ስለዚህ ገደቡ ሆን ተብሎ ጥንቃቄን ያበዛ ነበር፤ ይህም በአዲስ አደጋ መካከል ለተቀመጠ ገደብ ተገቢ ይመስለናል። ጉዳቱን በዋናነት የተሸከመው ሥጋውን የበላው ሰው አልነበረም። በ1986 በመላው ብሪታንያ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ እርሻዎችና ከአራት ሚሊዮን በላይ በጎች በእገዳው ሥር ነበሩ። እየተቀነሰ መጥቶ በመጨረሻ የቀሩት በሰሜን ዌልስ ያሉ ከ300 የሚበልጡ እርሻዎችና በእንግሊዝ ያሉ ስምንት እርሻዎች ናቸው። በ2012 እገዳው የተነሣው ሲዚየሙ ስላለቀ ሳይሆን፣ በጥናት መሠረት ለተመጋቢው የሚያስከትለው ሥጋት እጅግ ዝቅተኛ መሆኑ ስለተረጋገጠ ነው።

ሲዚየሙ ዛሬም እዚያው ነው። በ2026 ከ1986ቱ መጠን 40 በመቶ ገደማው፣ በ2046 ደግሞ ሩብ ያህሉ ይቀራል። ለአንዳንድ ተመራማሪዎች እንዲያውም መሣሪያ ሆኗቸዋል። በሐይቅ ወለል ላይ በየዓመቱ የሚነባበረውን ጭቃ በቱቦ አውጥተው ሲመረምሩ የሲዚየም 137 መጠን ሁለት ጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል፤ አንደኛው የቦምብ ሙከራው ጣሪያ የደረሰበት 1963፣ ሁለተኛው 1986 ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን የጭቃ ውፍረት ለክቶ ሐይቁ በዓመት ምን ያህል እንደሚሞላ ማስላት ይቻላል። ሸክላ ባለበት ጭቃ ውስጥ ሁለቱ ምልክቶች ጥርት ብለው ይነበባሉ። ይህንኑ ዘዴ በተራራው ፒት ላይ የሞከሩ ግን ይቸገራሉ፤ ሲዚየሙ በወደቀበት ንብርብር አይቀመጥም፣ ሥሮቹ ወደ ላይ እየሳቡት፣ ውሃው ወደ ታች እያወረደው፣ የ1986ቱ መስመር በፒቱ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል።